ከጫማ ሰፊው እስከ ፋርማሲው

ሳያርፍ የሚባለው ሰው ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራው ሲሄድ ከጫማ ሰፊው እስከ ፋርማሲው ድረስ ለሰው ሰላምታ አይሰጥም። ይህን የማያውቅ የሰፈሩ ሰው የለም። ጫማ ሰፊውን «እንዴት አደርክ፣ በርታ!» ይለዋል፤ ልጆቹን ይጠይቃል፤ ስለ ብርዱም አንድ ሁለት ቃል ጣል ያደርጋል። ከዚያ ቀና ብሎ ደረቱን በአየር ይሞላል። አለቀ። ዳቦ ቤቱን ያልፋል፣ የልብስ ስፌቱን ያልፋል፣ ፀጉር ቤቱን ያልፋል፤ የወለደችው እናቱ ከመቃብር ተነሥታ መንገዱ ላይ ብትቆም እንኳ ዞር ብሎ አያያትም። ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ፋርማሲው ደጃፍ ሲደርስ ፊቱ በርበሬ መስሎ «እፎይ!» ይልና፣ «እንዴት አደርክ የኔ ወንድም! ሰላም ነህ? ባለቤትህ ደህና ናት? ልጆቹስ?» እያለ ምስኪኑን ፋርማሲስት በሰላምታ ያጥለቀልቀዋል።

እንግዲህ ፍረዱ። ፋርማሲስቱ «እንደ እሱ ያለ ሰው አክባሪ አላየሁም» ይላል። ዳቦ ሻጯ ደግሞ «እንደ እሱ ያለ ኩራተኛ እናት አልወለደችም» ትላለች። ሁለቱም የሚያወሩት ስለ አንድ ሰውና ስለ አንድ ጠዋት ነው፤ በመሃላቸው ያለው ስልሳ እርምጃ ብቻ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ሰውዬው ራፐር ነው። ሳያርፍ የመድረክ ስሙ ነው፤ እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቁት ሚስቱና መታወቂያው ብቻ ናቸው። ዛሬ አምሳ አምስት ዓመቱ ነው። ሃያ አምስት ዓመቱ ላይ አንድ ዘፈን አወጣ። የዘፈኑ መሃል ላይ ሃያ አራት ስንኝ አለ፤ ሃያ አራቱንም መሃል ላይ አየር ሳይስብ፣ በአንድ ትንፋሽ ይላቸዋል። ሠላሳ አንድ ሰከንድ ይፈጃል። ለሚያወራ ሰው ሠላሳ አንድ ሰከንድ ምንም አይደለም፤ ለማይተነፍስ ሰው ግን ዕድሜ ነው። ያን ጊዜ አገር ጉድ አለ። ጎረምሳው ሁሉ እሱን አደርጋለሁ ብሎ በየመንገዱ ሲሞክር ስንቱ ዓይኑ ፈጦ ቀረ። ስሙም የወጣው ከዚያው ትንፋሽ ነው።

ስም ሲወጣ ደግሞ አፍም ይከፈታል። በአንድ የሬዲዮ ቃለ ምልልስ ላይ «መሃል ላይ የተነፈስኩ ቀን ማይኩን አስቀምጣለሁ» ብሎ ቁጭ አለ። ማንም ሳያስገድደው! የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። አድናቂው ንግግሩን እንደ መሐላ ያዘው፤ በየመድረኩ ሰዓት እያየ ይቆጥርለት ጀመር። እሱም ካፈርኩ አይመልሰኝ ብሎ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ሳያጓድል በአንድ ትንፋሽ አለው።

ይኼ ደግሞ ሳይለማመዱት የሚገኝ ነገር አይደለም። ከሃያ ሰባት ዓመት በፊት እዚህ ሰፈር ሲገባ መንገዱን በእርምጃ ለካና ስንኞቹን ለየሱቁ አከፋፈላቸው። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ለዳቦ ቤቱ፣ ስድስቱ ለልብስ ስፌቱ፣ ስድስቱ ለፀጉር ቤቱ፣ የመጨረሻዎቹ ስድስት ደግሞ ከዚያ እስከ ፋርማሲው ደረጃ። ጫማ ሰፊው ጋ አየር ይስባል፣ ፋርማሲው ጋ ይለቀዋል። ለምን እንደሚያደርገው ግን ለሰፈሩ ትንፍሽ አላለም። «አንዴ ከነገርኳቸው በየበራቸው ሰዓት ይዘው ይቆሙብኛል» ይላል።

በመሃል የተቃጠለችው ሚስቱ ናት። የሒሳብ አስተማሪ ናት፤ ውሸት አትወድም። ቢሆንም ጎረቤት ሲጠይቃት ምን ትበል? «ጠዋት ጠዋት ጥርሱን ያመዋል፤ አፉን ብርድ እንዳይመታው ነው» አለች። ልብስ ሰፊዋ አዝና ቅርንፉድ ላከችለት። ይኸው እስከ ዛሬ ያ የጥርስ ሕመም አልዳነም። «ሃያ ሰባት ዓመት የታመመ ጥርስ!» ትላለች ሚስቱ፤ «አንተ ሰውዬ፣ ዝሆን እንኳ ይህን ያህል ጥርስ የለውም።»

ከሁሉ ያሳዘነው ግን ፀጉር አስተካካዩ ሽማግሌ ነበር። ሳያርፍ ወደ ሰፈሩ የገባ ሰሞን አንድ ጊዜ እሱ ጋ ተስተካክሎ ነበር። በግራ ጆሮው በኩል ትንሽ ተዛብቶ ወጣ፤ ሳያርፍ ልብም አላለውም። ሽማግሌው ግን ልብ ብሎታል። በማግሥቱ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ደጃፉ ላይ ቆሞ «እንደምን አደርክ ልጄ» ቢለው፣ ሳያርፍ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አለፈው። በነጋታውም አለፈው። ሰውዬው ተስፋ የሚቆርጥ ዓይነት አልነበረም፤ ሁልጊዜ ይቆማል፣ ሁልጊዜ ሰላም ይላል። ማታ መልስ እንዳይሰጠው ደግሞ ሳያርፍ ወደ ቤቱ የሚመለሰው በሌላ መንገድ ነው፤ ሥራው መኪና መንዳት ማስተማር ነውና የመጨረሻው ሠልጣኝ በጓሮ በኩል ያደርሰዋል። ፀጉሩም ብዙ ሳይቆይ በራሱ ጊዜ ስለሄደ ፀጉር ቤት የሚያስገባ ጉዳይ አጣ። ሽማግሌው ከአምስት ዓመት በፊት ሞተ፤ ሳያርፍ ያን ሳምንት ሌላ ከተማ መድረክ ነበረው። ሲመለስ የፀጉር ቤቱ በር ተዘግቶ አየና ስንኙን እየቆጠረ አለፈ። አሁን ሱቁን የያዘው ልጁ ነው። ልጁ ሰላም አይልም።

ታዲያ ዘንድሮ መጣ። ዘንድሮ ትንፋሹ ፋርማሲው ሳይደርስ ያልቅ ጀመር። መጀመሪያ ደረጃው ሥር፤ ከዚያ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ፤ ከዚያ አራት። በመጨረሻ ፀጉር ቤቱ በር ፊት ለፊት፣ አሥራ ስድስተኛው ስንኝ ላይ ቆመ። እንደ ደረቅ በቅሎ እዚያው ላይ ቆሞ ንቅንቅ አልልም አለ። በእግሩ ቶሎ ቶሎ ቢራመድ፣ ቢያዘግም፣ ቀበቶውን ቢያላላ አሥራ ስድስትን አያልፍም። ሐኪም ዘንድ ሄደ። ሐኪሙ ደረቱን አዳምጦ «ሳንባህ ለዕድሜህ በጣም ጥሩ ነው» አለው። ሳያርፍ ደስ ሊለው ሲል «ዕድሜህ ግን ያው ዕድሜህ ነው» ብሎ ጨረሰለት።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ደግሞ የዘፈኑ ሠላሳኛ ዓመት ሊከበር ሦስት ሳምንት ሲቀረው ነው። እሑድ ከሰዓት፣ ትልቅ አዳራሽ፣ ቲኬቱ ሳይቀር ታትሟል። አዘጋጁ ቤት ውስጥም ጥቁር መነጽር የማያወልቅ ሰው ነው። ነገሩን ሲሰማ ምንም አልደነገጠም። «ቀላል ነው የኔ ጌታ። የድሮውን ድምፅህን ከኋላ እንለቀዋለን፤ አንተ ከንፈርህን ማንቀሳቀስ ብቻ ነው።»

«ድምፅ ሳያወጣ ከንፈሩን የሚያንቀሳቅስ ዓሣ ነው» አለ ሳያርፍ።

«ማን ያውቃል?»

«እኔ!»

«አንተ ቲኬት አልገዛህማ» አለ አዘጋጁ።

ሳያርፍ ያን ሰሞን መኪና ውስጥ ተቀምጦ ብዙ ያስብ ነበር። የመንጃ ፈቃድ አሠልጣኝ ነው፤ ሥራው ከሾፌሩ ጎን ተቀምጦ አለመጮህ ነው። ሠልጣኞቹ መሪውን እንደ ገደል ጫፍ ጨምድደው ይይዛሉ፤ ክላቹን ይረሳሉ፤ ከሁሉም በላይ መተንፈስ ይረሳሉ። «ተንፍሺ» ይላል ቀኑን ሙሉ፤ «ተንፍስ እንጂ ሰውዬ፣ መኪና የሚነዳው በእግር ነው፣ በሳንባ አይደለም።» በመሃል ሐሳቡ ይሄዳል። አብረውት የጀመሩትን ይቆጥራል። አንዱ መጋረጃ ይሸጣል። አንዱ ሰባኪ ሆኗል። አንዱ በጥርስ ሳሙና ማስታወቂያ ላይ ይስቃል፤ ያውም በሰው ጥርስ። ሰዎች «እንዴት ይህን ያህል ቆየህ?» ሲሉት «ሌሎቹ ሲሄዱ እኔ የጫማዬን ክር እያሰርኩ ነበር» ይላቸዋል። ይስቃሉ። እሱ ግን ሆዱ የሚያውቀው ሌላ መልስ ነበረው፤ የቆየሁት ስላልዋሸሁ ነው። የዛሬ ልጆች ስንኙን አንድ በአንድ እየቀዱ እንደ ጡብ ይደረድሩታል፤ እሱ ግን ከላይ እስከ ታች በአንድ ጊዜ የቀዳው ነው። እንዳለ ነው። አልተነካም።

ይህን ሲል ምስክር የሚጠራው ሁልጊዜ ምላጭን ነው። ምላጭ ዘፈኑን የቀዳለት የስቱዲዮ ሰው ነው፤ ዛሬ ሰባ ሊሞላው ምንም አልቀረው። በዚያ የቴፕ ዘመን የዘፋኝ ስህተት የሚታረመው ቴፑን በምላጭ ቆርጦ፣ የተበላሸውን አውጥቶ፣ ሁለቱን ጫፍ በነጭ ማጣበቂያ በማገጣጠም ነበር፤ በዚህ ደግሞ እሱን የሚያህል አልተገኘም፤ ስሙም የወጣው ከዚህ ነው። ሳያርፍ በየመድረኩ «የሁሉን ዘፈን ምላጭ ነክቶታል፤ የኔን ግን አልነካውም» ይል ነበር። ምላጭ ይህን ሲሰማ ራሱን ይነቀንቃል፤ ሰውም ትሕትና ይመስለዋል።

በዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው ምላጭ ደወለ። «ስቱዲዮውን ልዘጋ ነው። ጆሮዬ ቀጭን ድምፅ መስማት ትቷል፤ የማይሰማ ሰው ምን ይቀዳል? ቴፕህን ና ውሰድ።» ሳያርፍም ልቡ ዘለለ። የመጀመሪያውን ቅጂ ከሰማ ምሥጢሩ ይገኛል ብሎ አሰበ፤ ምናልባት ያን ጊዜ ይፈጥን ነበር፤ ምናልባት በየዓመቱ ሳያውቀው ቀስ እያለ ሄዶ ይሆናል። ፍጥነቱን በሰዓት ለክቶ በሦስት ቀን ውስጥ ሊለማመድ አሰበ።

ስቱዲዮው ከአንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር በላይ ያለች ክፍል ናት። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው የእንቁላል መያዣ ካርቶን ከዕድሜ ብዛት ቡናማ ሆኗል። ምላጭ መሬት ላይ ተቀምጦ ሽቦ ይጠቀልላል።

«መጣህ? ያንተ ሦስተኛው ካርቶን ውስጥ ነው። ይዘህ ሂድ።»

«እዚሁ ልስማው ጋሼ።»

«ቤትህ ስማው።»

«ቤቴ የዚህ ማጫወቻ የት አለኝና?»

ምላጭ የተጠቀለለውን ሽቦ ፈትቶ እንደገና ይጠቀልል ጀመር። ሳያርፍ ቴፑን ራሱ ለማሽኑ አጎረሰው፤ ሰዓቱን ይዞ ማሽኑ ላይ አጎነበሰ። የሃያ አምስት ዓመት ጎረምሳ ክፍሉን ሞላው።

በር ዘግታችሁ ስትስቁ እኔ ደጅ ላይ ቆሜ፣
ግድግዳው ነገረኝ ሳቁ መሆኑን በስሜ…

ፍጥነቱ ያው ነው፤ አሁን ከሚለው በአንድ ሰከንድ እንኳ አይለይም። አሥራ አራት፣ አሥራ አምስት፣ አሥራ ስድስት። በዚህ መሃል አንድ ነጭ ነገር በማሽኑ ራስ ላይ ሽው ብሎ አለፈ። ሳያርፍ ማሽኑን አቆመ። የቴፑን ጥቅልል በእጁ ወደ ኋላ መለሰው። ቡናማው ቴፕ ላይ፣ በሰያፍ፣ የጥፍር ስፋት ያላት ነጭ ማጣበቂያ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ማጣበቂያ ነው።»

«ማጣበቂያ መሆኑንማ አያለሁ። የኔ ዘፈን ላይ ምን ይሠራል?»

ምላጭ ሽቦውን አስቀመጠ። «ተቀመጥ» አለው።

«አልቀመጥም!»

«እሺ ቁም። ስምንተኛ ሙከራህ ነበር፤ ድምፅህ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶታል። አሥራ ስድስተኛው ላይ አየር ሳብክ። ትንሽ ናት። አንተ አላወቅክም።»

«እኔ ተንፍሼ አላውቅም!»

«ሰው ሲተነፍስ ያውቃል እንዴ? አሁን እዚህ ከገባህ ስንት ጊዜ ተነፈስክ? ያን ጊዜ ላስቆምህ ነበር፤ ግን ደህና እየሄድክ ነው። ስትጨርስ ‹አደረግኩት!› ብለህ በሩን በርግደህ ወጣህ። ደስታህን እያየሁ እንዴት ልንገርህ? ውኃ ልትጠጣ ስትወርድ ምላጬን አነሣሁ።»

ሳያርፍ ጮኸ። እንዲያ ሲጮህ ምላጭ በሠላሳ ዓመት ሰምቶት አያውቅም። ውሸታም አለው፤ ሌባ አለው፤ «ሠላሳ ዓመት ሙሉ በኔ ስትስቅ ኖርክ!» አለው። ታች ያለችው የመደብሩ ሠራተኛ ሳትቀር ወጥታ በበሩ አየቻቸውና ተመለሰች። ሽማግሌው እስኪበቃው ጠበቀው።

«በማግሥቱ ልነግርህ ነበር» አለ ከዚያ። «በማግሥቱ ስትመጣ ስም አውጥተህ መጣህ። ነገ፣ ከነገ ወዲያ ስል ዘፈኑ በሬዲዮ ወጣ፤ መድረክ ጠሩህ። አለቀለት፣ ዛሬ በሰው ፊት ሊዋረድ ነው፣ እኔ ነኝ ያዋረድኩት ብዬ ከመጋረጃው ኋላ ቆምኩ። አንተ ወጣህና ሃያ አራቱንም አልካቸው። አንዲት አየር ሳትስብ! አፌን ይዤ ቀረሁ። አንዴ ያደረግከው መስሎሃል፤ እንደሚቻል አምነህ ነበርና አደረግከው። እኔ ዋሸሁ፣ አንተ ሄደህ ውሸቴን እውነት አደረግከው። ከዚያ በኋላ ምን ብዬ ልንገርህ?»

ተነሣና የቴፑን ካርቶን ክዳን ገለበጠው። ከውስጥ በኩል ስንዝር የማትሞላ ቁራጭ ቴፕ በማጣበቂያ ተለጥፋለች። «ይኸው። አልጣልኳትም። እንዴት ይጣላል፣ የሰው ትንፋሽ እኮ ነው።»

ቁራጯን ከባዶ ቴፕ ጋር አገጣጥሞ ማሽኑ ላይ አደረጋት። ማጣበቂያው ልክ ቦታው ላይ ገባ። ከድምፅ ማጉያው «ህ» የምትል ነገር ወጣች። ግማሽ ሰከንድ። አንድ ወጣት ሰው አየር ሳበ፤ በቃ፤ ሌላ ምንም የለም። ሳያርፍ «እስቲ ድገመው» አለ። ደገመው። ለሦስተኛ ጊዜ ሲሰማው ዓይኑ እንባ ሞላ፤ ለምን እንደሆነ በውል አላወቀም። ተናደደ ቢሉት ንዴቱ ወጥቶለታል። ልጁ አሳዘነው። ልጁ የፈለገው መተንፈስ ብቻ ነበር፤ ያችኑ ቆርጠው ክዳን ውስጥ አስቀመጡበት።

ወደ ቤቱ በእግሩ ተመለሰ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ ይኼኛው ሠላሳ ዓመት ፈጀ። መንገድ ላይ ያስብ የነበረው ስለ ዘፈኑ አልነበረም። ያ ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል ያደረገ ሽማግሌ ነበር የሚመጣበት። በቀረጻው ቀን ማንም ያላደረገውን ነገር በየጠዋቱ ለመድገም ሲል ያን ሰው ሲያልፈው ኖረ። ይህን ለሚስቱ ነገራት። ሚስቱ ከተማሪዎቿ ደብተር ላይ ቀና ብላ «እንግዲህ ጥርስህ ይድን ይሆናል» አለችው።

እሑድ አዳራሹ ሁለት ሦስተኛው ሞልቷል። አዘጋጁ «ልልቀቀው?» አለ፤ የድሮውን ድምፅ ማለቱ ነው። «አትልቀቅ» አለ ሳያርፍ። ምላጭ ከኋላ ወንበር ላይ፣ የሚሰማውን ጆሮ ወደ መድረኩ አዙሮ ተቀምጧል። ሃያ አራቱ ስንኝ ሲደርስ ሰው ሰዓቱን አወጣ። ሳያርፍ ጀመረ። አሥራ ስድስተኛው ላይ ደረሰ፤ ቆመ፤ ማይኩን ወደ አፉ አስጠግቶ አየር ሳበ። በአዳራሹ ሁሉ ተሰማ። ከበሮ መቺው ደንግጦ ዱላውን ሊጥል ነበር። ከፊት ወንበር አንዷ «ውይ!» አለች።

ከዚያ ቀጠለ። ከአሥራ ስድስት በኋላ ያሉትን ስንኞች ሠላሳ ዓመት ሙሉ በመጨረሻዋ ጭላጭ አየር፣ እየተንተባተበ ነበር የሚጨርሳቸው፤ ሰውም የሚሰማው ሰዓቱን እንጂ ቃሉን አልነበረም። እሱም ራሱ አይሰማውም ነበር። አሁን ደረቱ ሙሉ ነው፤ ቃሉ ጥርት ብሎ ወጣ።

ስም ሳይኖረኝ ሰላም ያለኝ ደጃፉ ላይ ቆሞ፣
ለሱ ነው የምዘፍነው ዛሬም ነገም ደግሞ።

ይህን በሃያ አምስት ዓመቱ የጻፈው እሱ ነው። በየጠዋቱ ሽማግሌው ፊት ሲያልፍ ሲያንሾካሹከው የኖረውም ይህንኑ ነው። አፈረ። እስከ ሃያ አራተኛው ድረስ እንደምንም ጨረሰው።

ዘፈኑ ሲያልቅ ጎንበስ ብሎ ማይኩን ወለሉ ላይ አስቀመጠና ወጣ። ቃል ቃል ነው። አዘጋጁ ከመጋረጃው ኋላ ክንዱን ይዞ «አራት ዘፈን ይቀራል እኮ!» አለው። ሳያርፍ አሰበና ተመልሶ አነሣው። አስቀምጣለሁ አለ እንጂ አላነሣም አላለም። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አንዳንዱ «አረጀ» ብሎ እየተናገረ ወደ ቤቱ ሄደ፤ አንዳንዱ እስከ መጨረሻው ተቀመጠ። ምላጭ ሲወጣ የሳያርፍን ትከሻ መታ መታ አድርጎ ሄደ።

ሰኞ ጠዋት ሳያርፍ ጫማ ሰፊውን ሰላም ብሎ፣ አየር ሳይሞላ፣ እንደ ማንኛውም ሰው መንገዱን ቀጠለ። «እንዴት አደርሽ» ቢላት ዳቦ ሻጯ የያዘችውን ዳቦ ለቀቀችው። ልብስ ሰፊዋ «ጥርስዎን ተሻለዎት እንዴ?» አለችው፤ «ተነቀለ» አላት። ከዚያ ፀጉር ቤቱ ደረሰ። የሽማግሌው ልጅ መስታወት ይወለውላል። ሠላሳ አምስት ዓመት ይሆነዋል፤ ፎጣውን እንደ አባቱ ትከሻው ላይ ነው የሚያደርገው።

«እንደምን አደርክ» አለ ሳያርፍ።

ሰውዬው ወደ ኋላው ዞሮ ሌላ ሰው መኖር አለመኖሩን አየ። ማንም የለም። «ምነው፣ ሰው ሞተ እንዴ?»

«የለም። ሰላም ልልህ ነው።»

«ለኔ?» መወልወያውን አስቀመጠ። «አባቴ ሊሞት ሲል እንኳ ‹ያን ሰውዬ ምን በድዬው ነው?› ይል ነበር። ‹በግራ ጆሮው በኩል አበላሽቼበት ነው መሰለኝ› ይል ነበር። ያውቃሉ ይህን?»

ሳያርፍ ሁሉንም ነገረው። ስንኙን፣ እርምጃውን፣ ሠላሳ አንዱን ሰከንድ። ምንም አላስቀረም። ሰውዬው እስኪጨርስ ሰማው።

«ለዘፈን ነው?»

«ለዘፈን ነው።»

«ሰላም ለማለት ስንት ሰከንድ ይፈጃል?»

ይህን ሳያርፍ ከማንም በላይ ያውቀዋል። ለክቶታል፤ ስንዝር የማትሞላ ቴፕ ናት። «ግማሽ ሰከንድ» አለ።

ሰውዬው በጭንቅላቱ ወደ ውስጥ አመለከተው። ሳያርፍ ገብቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ሰውዬው ጨርቁን አንገቱ ላይ አሰረለትና ራሰ በራውን ከፊትም ከኋላም አየው።

«ምኑን ላስተካክልልዎት?»

«ያለውን። በግራ ጆሮዬ በኩል ጀምር።»

መቀሱ ጀመረ። በመስታወቱ ውስጥ መንገዱ ይታያል። ፋርማሲስቱ ከሱቁ ወጥቶ ደረጃው ላይ ቆሟል፤ ሰዓቱን ያያል፣ ወደ ላይ ያያል፣ ወደ ታች ያያል። በመጨረሻ ሆድ ብሶት ዳቦ ሻጯን ሲጠይቃት እስከ ውስጥ ድረስ ተሰማ፦

«ዛሬ ሳያርፍ ሰላም ሳይለኝ ቀረ እኮ። ምን በድዬው ነው?»

ሳያርፍ ጨርቁ እንደታሰረበት ሊነሣ ብድግ አለ። ሰውዬው ትከሻውን ይዞ ቀስ አድርጎ አስቀመጠው።

«ይቀመጡ» አለው። «አባቴ ሃያ ሁለት ዓመት ጠብቆዎታል። እሱ አሥር ደቂቃ ይጠብቅ።»